ዝግመተ ለውጥ የኋላ ማርሽ አለው?

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ በየጊዜው እየዞሩ የሚመጡ ቪዲዮዎች አሉ። በእጅና በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች። ጭራ የመሰለ ነገር ይዞ የተወለደ ሕፃን። ፊቱን ሙሉ ጸጉር የሸፈነው ልጅ። ከሥራቸው የሚጻፈው አስተያየትም ያው ነው፦ «ሰው ወደ ዝንጀሮነት እየተመለሰ ነው»፣ «ስምንተኛው ሺህ ገባ»። ተቃራኒው ወሬም አለ። ሰው በመድኃኒትና በቴክኖሎጂ እየታገዘ በፍጥነት እየተለወጠ ነው፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የሚመጣው ሌላ ፍጡር ነው ይባላል።

ለጎንደር ሰው ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ስሜን ተራሮች ላይ የወጣ ሰው፣ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ያያል። በዚያው ከፍታ ገብስ የሚዘራና በግ የሚያረባ ገበሬም ይኖራል። የእነዚህ ደገኞች ደም ደግሞ ዝግመተ ለውጥን ለሚያጠኑ ሰዎች በዓለም ደረጃ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከቅርብ መያዝ ይቻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ

ዝግመተ ለውጥ ማለት የአንድ ሕዝብ የዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው የሰውነት መመሪያ፣ ስብጥር ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲቀየር ነው። የሚለወጠው ሕዝቡ ነው፤ አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ቢወፍር፣ ቢከሳ ወይም ፀሐይ ቢያጠቁረው ዝግመተ ለውጥ አይባልም።

የለውጡ ጥሬ ዕቃ ሚውቴሽን ነው። ይህም ዲ.ኤን.ኤ.፣ ማለትም ዘረመል የተጻፈበት ሞለኪውል፣ ሲገለበጥ የሚፈጠር የፊደል ስህተት ማለት ነው። የሰው ዲ.ኤን.ኤ. 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። እያንዳንዱ ሕፃን ከወላጆቹ ያልወረሳቸው ከ60 እስከ 70 የሚደርሱ አዳዲስ ለውጦችን ይዞ ይወለዳል። አባት ዕድሜው በገፋ መጠን ቁጥሩ ይጨምራል። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። ጥቂቶቹ ይጎዳሉ። ከስንት አንዴ አንዱ ይጠቅማል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ይሠራሉ። አንዱ ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው። በአንድ አካባቢ ለመኖር የሚያግዝ ዘረመል ያላቸው ሰዎች ብዙ ልጅ ሲያሳድጉ ያ ዘረመል እየበዛ ይሄዳል። ሌላው እንዲያው ዕጣ ነው። በተለይ ሕዝቡ ትንሽ ሲሆን አንድ ዘረመል ያለ አንዳች ጥቅም ሊበዛ፣ ያለ አንዳች ጉዳት ሊጠፋ ይችላል።

ሁለቱም ግብ የላቸውም። ተፈጥሯዊ ምርጫ ዛሬ እዚህ ቦታ የሚጠቅመውን ያበዛል፤ በቃ። እኛ ግን ሰውን ከላይኛው ደረጃ ላይ አስቀምጠን ስለምናስብ፣ ከዚያ መውረድ ያለ ይመስለናል።

ወደ የትኛው ዝንጀሮ?

ጭላዳ የሰው አያት አይደለችም። የእሷና የእኛ የዘር ሐረግ ከተለያየ 25 ሚሊዮን ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ እኛ በአንድ በኩል ሄድን፣ እሷም በሌላ። ዛሬ ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዓይነቶች ዋነኛ ምግቧ ሣር የሆነ እሷ ብቻ ናት። ጣቶቿ ለመንጨት የተመቹ ናቸው። ለቀጭኑ አየርም የራሷን መላ አግኝታለች፤ ደረቷ ሰፊ ነው። ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው የራሷ ታሪክ ያላትን እንስሳ «ወደ ኋላ የቀረች» ማለት ለእሷም ፍትሐዊ አይደለም።

ዛሬ ካሉት ለሰው የሚቀርበው ቺምፓንዚ ነው። እሱም ቢሆን ከሰው መስመር ከተለየ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፤ የጋራው ቅድመ አያት ቺምፓንዚም ሰውም አልነበረም። የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ፣ አፋር ውስጥ የተገኘችው፣ መሬት ላይ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። የእግሯ አውራ ጣት ግን ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ዓይነት ነው። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ደግሞ ሌላ ናት። እንግዲህ «እየተመለስን ነው» የሚል ሰው መልስ ሊሰጥበት የሚገባው፦ ወደ የትኛዋ?

ተመለሰ የሚባለው ምንድን ነው

በ1893 ሉዊ ዶሎ የተባለ፣ ቤልጅግ ውስጥ ይሠራ የነበረ የቅሪተ አካል ተመራማሪ አንድ ሐሳብ አቀረበ። አንድ ፍጥረት የቀድሞ አባቶቹ ወደነበሩበት ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ሊመለስ አይችልም አለ። ዓሣ ነባሪ ጥሩ ማሳያ ነው። ቅድመ አያቶቹ በአራት እግር የብስ ላይ ይሄዱ ነበር። ወደ ውኃ ተመለሰ፤ ዓሣ ግን አልሆነም። እስካሁን በሳንባ ይተነፍሳል፣ ግልገሉን ያጠባል፣ ጭራውንም እንደ ዓሣ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚመታው።

የዶሎ ሕግ ቀዳዳ የለውም ማለት አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የሚኖር አንድ የእንቁራሪት ዝርያ፣ የእንቁራሪት ወገን ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ያጣውን የታችኛ መንጋጋ ጥርስ መልሶ አብቅሏል። ነገር ግን እንቁራሪቶች የላይኛውን ጥርስ አላጡም ነበር። ጥርስ የመሥራት መመሪያው በሰውነታቸው ስለቆየ፣ የተመለሰው አንድ ዕቃ ነው እንጂ ያ ጥንታዊ እንስሳ አይደለም።

ሙሉው ጉዞ ለምን እንደማይቀለበስ በሞለኪውል ደረጃ የተፈተነበት ሥራም አለ። በ2009 የአሜሪካዊው ተመራማሪ የጆ ቶርንተን ቡድን የአንድ ሆርሞን ተቀባይ ፕሮቲንን የጥንት ቅርጽ ላብራቶሪ ውስጥ አስነሥቶ አጠና። ፕሮቲኑን ወደ ቀድሞ ሥራው ለመመለስ ዋና ዋናዎቹን ለውጦች ወደ ኋላ ሲቀለብሱ ፕሮቲኑ ጭራሽ አልሠራ አለ። በመሀል ሌሎች ጥቃቅን ለውጦች ገብተው የመመለሻውን መንገድ ዘግተውታል።

አሁን ወደ ቪዲዮዎቹ። በእጅና በእግራቸው የሚሄዱት ወንድማማቾችና እህትማማቾች ቱርክ ውስጥ የሚኖሩ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዜናቸው የተሰማው በ2005 አካባቢ ሲሆን፣ ኡነር ታን የተባለ የአገሩ ሳይንቲስት «የኋሊት ዝግመተ ለውጥ» ነው ብሎ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም። ልጆቹ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል፣ ማለትም ትንሹ አንጎል፣ በዘረመል ችግር ሳያድግ ቀርቶባቸዋል። በሁለት እግር መቆም ስለሚያስቸግራቸው በእጃቸው ይደገፋሉ። በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ አረማመዳቸውን በቪዲዮ ተከታትሎ ለካ። ዝንጀሮዎች በአብዛኛው እጅና እግራቸውን በሰያፍ ያፈራርቃሉ፤ የአንዱ ጎን እግር ከሌላው ጎን እጅ ጋር ይንቀሳቀሳል። የእነዚህ ልጆች ግን እንደዚያ አይደለም። ማንኛውም ጤነኛ ጎልማሳ በእጅና በእግሩ ሂድ ሲባል የሚያደርገውን ነው የሚያደርጉት። እውነቱን ለመናገር፣ የታመመን ሰው አቅርቦ «ዝንጀሮ ሆነ» ማለት ሳይንስም ወግም አይደለም።

ጭራውስ? የሰው ፅንስ በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ጭራ አለው። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ይጠፋል። ከስንት አንዴ ጭራ መሳይ ነገር ይዞ የሚወለድ ሕፃን አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አጥንት የሌለው የቆዳና የስብ ተቀጥላ ነው። ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ አንዳንዴ የኅብለ ሰረሰር ችግር ምልክት ይሆናልና። የእኛ ወገን ጭራውን ካጣ 25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረችው ድንቅነሽ እንኳን ጭራ አልነበራትም።

ስሜን ላይ የታየው

3,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንደዚያው። ቆላ የኖረ ሰው በድንገት ቢወጣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ሲሰነብት ግን ሰውነቱ መላ ያበጃል። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ መቅኒም ቀይ የደም ሕዋስ አብዝቶ ያመርታል። ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ ይጨምራል። መላው ግን ዕዳ አለው። ደም ይወፍራል፣ ልብ ይደክማል፣ በእርግዝና ላይም ጣጣ ያመጣል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ደገኞች በአብዛኛው ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። ከመካከላቸውም በዚሁ የተነሣ የሚታመሙ አሉ።

ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ ስሜን ውስጥ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ2002 አሳተሙ። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር። ይህ ቆላ ላይ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም የራቀ አይደለም። ደማቸው አልወፈረም። ከፍታውን ችለው፣ ዕዳውን ሳይከፍሉ ይኖራሉ ማለት ነው።

በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮችን ከባሌ ደገኛ ኦሮሞዎች ጋር አነጻጸረ። የአማሮቹ አባቶች ደጋው ላይ ቢያንስ 5,000 ዓመት እንደኖሩ ይገመታል። የባሌዎቹ ወደዚያ ከፍታ የወጡት ግን ከ500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን የዘር ብልጫ አድርጎ የሚያነብ ሰው አይጠፋም፤ ነገሩ ግን የቆይታ ጊዜ ጉዳይ ነው። 5,000 ዓመት 200 ትውልድ ይሆናል። 500 ዓመት 20 ትውልድ ብቻ ነው። ቲቤቶችም ወፍራም ደምን አምልጠዋል፤ እነሱን የሚያግዘው ዋነኛ ዘረመል ግን ዴኒሶቫን ከተባሉት የጠፉ የሰው ዘመዶች የወረሱት ነው። ለአንድ ችግር ሦስት ተራሮች ላይ የተለያየ መልስ ተገኘ።

አሁን ጥያቄውን እንገልብጠው። በ2016 ስሜን ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወጥተው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፍረዋል። ግጭ ከ3,500 ሜትር በላይ ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ። ጎንደር ወይም መተማ ድረስ የወረደም ይኖራል። ልጆቻቸው የደጋውን ጸባይ ያጣሉ?

ቶሎ አያጡም። ደጋው ላይ ያንን ዘረመል ያበዛው ግፊት ነበር። በብዙ ትውልድ ውስጥ፣ ሰውነታቸው ከፍታውን ያልቻለ እናቶች ጥቂት ልጅ አሳደጉ፣ የቻሉት ብዙ። ቆላ ላይ ግን ያ ዘረመል ካልጎዳ የሚያጠፋው የለም። በጋብቻ ይደባለቃል፣ በዕጣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግን ለሺህ ዓመታት አብሮ ይቆያል። ሲሄድ የገፋው ኃይል ነበር፤ ሲመለስ የሚገፋው የለም። ሰዎች ዝግመተ ለውጥን እንደ መንገድ አድርገው «በሄደበት ይመለሳል» ሲሉ የሚስቱት ይህን ነው።

ዘረመሉ ዋጋ የሚያስከፍል ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ የሚያመጣው ዘረመል አንዱ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ከከባድ ወባ ይጠበቃል። ከሁለቱም የወረሰው ቀይ የደም ሕዋሱ እንደ ማጭድ እየታጠፈ በጽኑ ይታመማል። ወባ ባለበት ዘረመሉ ይቆያል። ወባ ሲጠፋ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳቱ ብቻ ስለሚቀር ከትውልድ ትውልድ እየሳሳ ይሄዳል። «ወደ ኋላ መመለስ» የሚለው አነጋገር ትርጉም ካለው፣ ትርጉሙ በዚህ ልክ ነው፦ የአንድ ዘረመል መጠን ወደ ቀድሞው ሲጠጋ።

ፈጥኗል ወይስ ዘግይቷል

በ2007 አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ጆን ሆክስና ባልደረቦቹ የሰው ዝግመተ ለውጥ ባለፉት 40,000 ዓመታት እጅግ ፈጥኗል የሚል ጥናት አወጡ። አመክንዮው ቀላል ነው። ሕዝብ ሲበዛ ሚውቴሽን ይበዛል። እርሻ ሲመጣ ደግሞ ምግቡም በሽታውም ተለወጠ፤ አዲስ ሁኔታ አዲስ ምርጫ ያመጣል።

ስሌቱን ለራሳችን እንሥራው። በዓለም ላይ በዓመት 130 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ይወለዳሉ። እያንዳንዱ 70 አዲስ ለውጥ ቢይዝ 9 ቢሊዮን ይሆናል። የፊደላቱ ብዛት 3 ቢሊዮን ነው ብለናል። ከፊደላቱ ብዛት ሦስት እጥፍ የሚሆን ጥሬ ዕቃ በየዓመቱ ይመረታል ማለት ነው።

ወተትም ለዚህ ወገን ምስክር ነው። አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ካደገ በኋላ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር መፍጨት ይቸግረዋል። ከብት በሚያረቡ ሕዝቦች ዘንድ ግን በአዋቂነትም የሚያስፈጭ ሚውቴሽን በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ተስፋፋ። በአውሮፓ የበዛው አንድ ዓይነት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የተለያዩ ሚውቴሽኖች ጎን ለጎን ይገኛሉ። (እርጎ የሚስማማው ሰው ሁሉ ይህ ዘረመል አለው ማለት አይደለም፤ በእርጎ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የላክቶሱን ከፊል አስቀድመው ይበሉታል።)

ተቃዋሚዎቹም ቀላል መከራከሪያ አልያዙም። የምርመራው ዘዴ የቅርብ ጊዜ ለውጥን በቀላሉ ያያል፣ የጥንቱ ግን አሻራው ስለደበዘዘ ያልፈዋል፤ ስለዚህ «የቅርቡ በዝቷል» ማለት ከመሣሪያው የመጣ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ደግሞም ብዙ ሕዝብ መፍጠኛ ብቻ አይደለም። አዲስ ለውጥ 8 ቢሊዮን ሰው ውስጥ ለመዳረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። የ1 በመቶ ብልጫ የሚሰጥ ዘረመል ከመቶ አንዱ ሰው ላይ ተነሥቶ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ለመያዝ በስሌት 900 ትውልድ ያህል ይወስድበታል። ከ20,000 ዓመት በላይ ነው።

«ምርጫው ቆሟል» የሚሉም አሉ፤ መነሻቸው የሕፃናት ሞት መቀነስ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 ቁጥሩ 59 ሆኗል። ወንፊቱ ላልቷል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ተፈጥሯዊ ምርጫ በሞት ብቻ አይሠራም። ማን ስንት ልጅ ይወልዳል የሚለውም ምርጫ ነው፤ ይህ ልዩነት ደግሞ አልጠፋም። እኔ ሚዛኑ ወደዚህ ያደላል እላለሁ፦ ጥሬ ዕቃው በዝቷል፣ በበሽታ በኩል ያለው ምርጫ ላልቷል፣ በወሊድ ቁጥር በኩል ያለው ቀጥሏል። ሁሉን ጠቅልሎ «ፈጠነ» ወይም «ቆመ» ማለት አይቻልም።

የጎንደር ታሪክ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳያል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደምቢያ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው እሱ ነው። ተፈጥሯዊ ምርጫ ደምቢያን ከወባ ጋር ሊያላምድ በየትውልዱ ሬሳ እየቆጠረ ብዙ መቶ ዓመታት ይወስድበት ነበር። በጤና ረዳት፣ በመድኃኒትና በቤት ርጭት ግን ያን ያህል መጠበቅ አላስፈለገም። ዛሬም ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በወባና በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፈው በካላ አዛር ክፉኛ ይጠቃል። ሰውነቱ እነዚያን በሽታዎች አያውቃቸውም። የሚያድነው ግን ሕክምና ነው። ባህል፣ ማለትም ሰው የሚማረውና የሚፈጥረው ነገር፣ ከዘረመል ይፈጥናል።

ቁመትና ብልህነት

«የድሮ ሰው ግዙፍ ነበር፣ እኛ አነስን» የሚለው ወግ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ምግብ ነው። በ2019ኙ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው አጥረዋል። የዚህ መቀንጨር ዋና ምክንያት የምግብ እጥረትና ተደጋጋሚ ሕመም ነው። ምግቡ ሲስተካከል ቁመት በአንድ ትውልድ ይጨምራል፤ ዘረመል በዚህ ፍጥነት አይሄድም።

ብልህነት ላይም እንዲሁ። በኖርዌይ ለውትድርና የሚመዘገቡ ወጣቶች የአእምሮ ፈተና ውጤት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተወለዱት ላይ መቀነስ ጀመረ። «ሰው እየደነቆረ ነው» ተባለ። በ2018 የታተመ ጥናት ግን ቅነሳው በአንድ ቤት ወንድማማቾች መካከልም እንደሚታይ አሳየ። እናትና አባት አንድ ናቸው። ስለዚህ ምክንያቱ የልጆቹ አስተዳደግና አካባቢ ነው፤ የዘር መበላሸት አይደለም።

ክሪስፐር ነገሩን ይለውጠዋል?

ክሪስፐር ዲ.ኤን.ኤ.ን በተመረጠ ቦታ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። በኅዳር 2018 ቻይናዊው ሄ ጂያንኩይ ፅንስ ላይ ተጠቅሞበት መንትያ ልጆች መወለዳቸውን አስታወቀ። ዓላማው ኤች.አይ.ቪ. እንዳይዛቸው ማድረግ ነው አለ። ዓለም ተቆጣ፣ እሱም ሦስት ዓመት ተፈረደበት። በ2023 ደግሞ ለሲክል ሴል ሕመምተኞች በክሪስፐር የሚሠራ ሕክምና ብሪታንያ ውስጥ ፈቃድ አገኘ።

ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የሲክል ሴሉ ሕክምና የሚነካው የታካሚውን የደም ሕዋስ ብቻ ነው፤ ወደ ልጁ አይተላለፍም። ስለዚህ ከዝግመተ ለውጥ ጋር አይገናኝም። የመንትዮቹ ዓይነት ግን ወደ ዘር ይሻገራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ስህተት ከተፈጠረ የሚወርሰው ያልተወለደው ነው። የሰው ዘር በዚህ ይለወጣል የሚለው ግን ከቁጥሩ ጋር አይሄድም። በየዓመቱ አንድ ሺህ ሕፃን እንዲህ ተስተካክሎ ቢወለድ፣ በዚያው ዓመት ከሚወለዱት 130 ሚሊዮን ውስጥ ከመቶ ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም።